ለመመረቂያ ጽሑፍ አዲስ አበባ ትሰፋለች፤ አንድ ወረዳ ግን ይበቃል

የጠያቂያችን ደብዳቤ፦

«ሰላም ለእናንተ ይሁን። በከተማ ልማት የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ጽሑፌ ርዕስ ‹የትላልቅ ከተሞች ፈተናና ዘላቂ ልማት፦ የአዲስ አበባ ሁኔታ› የሚል ነበር። አማካሪዬ ሦስት ጊዜ መለሱልኝ። ‹ሰፊ ነው፣ አጥብቢው› ይሉኛል፤ እንዴት እንደማጠበው ግን አልገባኝም። ስለ ውሃ፣ ስለ ትራንስፖርት፣ ስለ መኖሪያ ቤት፣ ስለ አየር ብክለትና ስለ ቆሻሻ ብዙ አንብቤያለሁ። 384 ሰዎችን ለመጠየቅ አስቤ መጠይቁንም ጨርሻለሁ። አሁን ጥር ነው፤ ሰኔ ላይ ማስረከብ አለብኝ። ገንዘቤ ትንሽ ነው። ከየቱ ልጀምር? ወደ ቆሻሻው አደላለሁ፤ ግን ለሁለተኛ ዲግሪ የሚያንስ ጉዳይ አይሆንብኝም? ግራ የገባት እህታችሁ።»

ውድ እህታችን፣ ሰላም ላንቺም ይሁን።

ከመጨረሻው ጥያቄሽ እንነሳ። ቆሻሻ አያንስም። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ማታ ቆሼ ላይ የተከመረው ቆሻሻ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎችን ገደለ። ያ ረጲ ያለው ቦታ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ከተማዋ የጣለችውን ሁሉ ሲቀበል የኖረ ወደ 36 ሄክታር የሚጠጋ መሬት ነው። ሸክሙን ያቃልላል ተብሎ ሰንዳፋ ላይ የተሠራው ማስወገጃ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ ዓመት ሳይሞላው በአካባቢው ገበሬዎች ተቃውሞ ቆመ። ነሐሴ 2010 ዓ.ም. እዚያው ረጲ የተመረቀው የኃይል ማመንጫ ደግሞ በቀን 1,400 ቶን እንዲያቃጥል የታቀደ ነው። እንግዲህ መሬት፣ ወንዝ፣ ኃይል፣ የከተማና የገጠር ጎረቤትነት፣ የድሃ እንጀራ፣ ሁሉም አንድ ከረጢት ውስጥ ተቋጥሮልሻል። ከዚህ ሌላ «የትልቅ ከተማ ፈተና» መፈለግ አያስፈልግሽም።

አማካሪሽ የመለሱልሽ ግን ርዕሱ መለኪያ ስለሌለው ይመስለናል። «ዘላቂነት» በሊትር ይሁን በኪሎ፣ በደቂቃ ይሁን በብር እንደሚለካ ካልተናገርሽ ስንት ምዕራፍ ብትጽፊ መጨረሻ የለውም። ከዘረዘርሻቸው መካከል ውሃን ብትመርጪ መረጃው በሌላ መሥሪያ ቤት እጅ ነው፤ እስኪሰጡሽ ሰኔ ይደርሳል። የአየር ብክለትን ብትመርጪ በርካሽ ዳሳሽ የተለካ ቁጥር አየሩ እርጥብ ሲሆን ያለ ልክ ከፍ ይላል፤ ዳሳሹን ከታመነ መሣሪያ ጎን አስቀምጦ ማስተካከል ደግሞ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ቆሻሻ ግን በየቀኑ ከየበሩ ይወጣል፣ ማንም አይደብቅሽም፣ በሚዛን ይለካል። አምስት ወር ላላት ተማሪ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ስለዚህ ጥያቄሽን እንዲህ አጥብቢው፦ በአንድ ወረዳ ውስጥ ከመኖሪያ ቤት በቀን ስንት ኪሎ ደረቅ ቆሻሻ ይወጣል፣ በውስጡ ምን አለ፣ ከዚያስ ስንቱ መኪና ላይ ይደርሳል? ከተማዋ በ11 ክፍለ ከተሞችና ከመቶ በላይ በሆኑ ወረዳዎች የተከፈለች ናትና የምትመርጪው አታጪም። ኮንዶሚኒየም፣ የቀበሌ ቤትና የግል ግቢ ሦስቱም ያሉበትን ውሰጂ። ለመላው አዲስ አበባ ሳይሆን ለዚያ ወረዳ ብቻ ትናገሪያለሽ። ይህ የሚያሳፍር አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የዘላቂ ልማት ግቦች 11ኛው ስለ ከተሞች ነው፤ ከመለኪያዎቹ አንዱ ከሚመነጨው ደረቅ ቆሻሻ ስንት በመቶው ተሰብስቦ በአግባቡ እንደሚወገድ ይጠይቃል። አንቺም የምትመልሺው ይህንኑ ነው፣ በትንሽ ቦታ።

አሁን ስለ 384ቱ። ይህ ቁጥር በአገራችን የመመረቂያ ጽሑፎች ውስጥ እንደ ውዳሴ ማርያም ይደገማል። ከየት እንደመጣ እንይ፦ 1.96 (ለ95 በመቶ እርግጠኝነት የሚወሰደው ቁጥር) በራሱ ተባዝቶ፣ ውጤቱ በ0.5 እና እንደገና በ0.5 ተባዝቶ፣ ለ0.05 ካሬ ሲካፈል 384.16 ይሆናል። ስሌቱ የተሠራው «ከመቶ ሰው ስንቱ አዎ ይላል» ለሚለው ጥያቄ ነው። ኪሎ አዎና አይደለም የለውም። ደግሞም 384 ሰዎች «የቆሻሻ አያያዙ አጥጋቢ ነው» ለሚለው «በጣም አልስማማም» ብለው ቢመልሱ ያወቅሽው ሰው መከፋቱን ብቻ ነው። በሳምንት ስንት ኪሎ እንደጣለች የቤቷ እመቤት እንኳ አታውቅም፤ ብትጠይቂያት ግን በትህትና አንድ ቁጥር ትነግርሻለች፣ አንቺም ያንን ቁጥር ሠንጠረዥ ውስጥ ታስገቢዋለሽ። መጠይቁን አትጣይው፤ ወደ አንድ ገጽ አሳጥረሽ ለምትመዝኛቸው ቤቶች ብቻ ተጠቀሚበት።

ለክብደት አማካይ የሚሆነው የናሙና ስሌት ሌላ ነው። በቤቶች መካከል ያለው መደበኛ ልዩነት (ቤቶቹ ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚራራቁ የሚያሳየው መለኪያ) የአማካዩን ግማሽ ያህላል ብለሽ ብትነሺ፣ ስህተቱም ከአማካዩ 10 በመቶ እንዳይበልጥ ብትፈልጊ፣ 1.96 በ0.5 ተባዝቶ ለ0.1 ሲካፈል 9.8 ይሆናል፤ በራሱ ሲባዛ 96 ቤት ነው። የተባበሩት መንግሥታት የሰፈራ ፕሮግራም፣ ዩኤን ሀቢታት፣ ለከተሞች ያዘጋጀው የመለኪያ መመሪያም ቢያንስ 90 ቤቶችን ለ8 ተከታታይ ቀናት መመዘንን ይጠይቃል። አንቺ 99 ውሰጂ፦ ሦስት የቤት ዓይነት፣ በእያንዳንዱ ዓይነት ሦስት ሰፈር ወይም ብሎክ፣ በእያንዳንዱ ሰፈር 11 ቤት። ዘጠኙ በመሃል ቢያቋርጡሽ 90 ይቀርሻል። ስለ ገቢ አትጠይቂ፤ ማንም እውነቱን አይነግርሽም፣ በሩም ይዘጋብሻል። የቤቱ ዓይነት በቂ ምልክት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ለእያንዳንዱ የቤት ዓይነት የሚቀርሽ 30 ቤት ነው፤ በ30 ቤት የስህተቱ ህዳግ ወደ 18 በመቶ ያድጋል። ስለዚህ «የኮንዶሚኒየም ነዋሪ ከቀበሌ ቤት ነዋሪ 12 በመቶ የበለጠ ይጥላል» ብለሽ ደምድመሽ ከጻፍሽ ፈታኙ በቀላሉ ይይዝሻል። የወረዳውን አማካይ ስታወጪም ሦስቱን ደምረሽ ለሦስት አታካፍዪ። በወረዳው ውስጥ የቀበሌ ቤት 50፣ የግል ግቢ 30፣ ኮንዶሚኒየም 20 በመቶ ከሆኑ በአማካዩ ውስጥ የሚኖራቸው ድርሻም በዚያው ልክ ይሁን።

ቤት አመራረጥ ላይ ብዙ ጥናት ይበላሻል። ወረዳው ለመርዳት ብሎ አንድ ባለሙያ ይመድብልሻል፤ ባለሙያዋም በቀጥታ ወደ ሞዴል ቤተሰብ ትወስድሻለች። ምስጋናሽን አቅርበሽ ራስሽ ቁጠሪ። በአንድ ሰፈር 220 ቤት ካለ ለ11 ሲካፈል 20 ነው፤ ከ1 እስከ 20 ዕጣ አውጪ፣ 7 ከወጣ 7ኛው፣ 27ኛው፣ 47ኛው እያልሽ ቀጥዪ። እምቢ ያለውን ዝለዪና ቀጣዩን ቤት ውሰጂ፤ ስንት ቤት እምቢ እንዳለሽ ግን መዝግቢ። ግቢው ውስጥ ጠላ የሚሸጥበት፣ እንጀራ ለገበያ የሚጋገርበት ወይም ጉሊት ያለበት ቤት ከገጠመሽ እንደ ንግድ ለብቻው ያዢው። አንድ የጠላ ቤት አተላ የአሥር ቤት ከረጢት ይመዝናል፤ አማካይሽን ሽቅብ ይጎትተዋል፣ አንቺም ምክንያቱን ፍለጋ ስትባዝኚ ትከርሚያለሽ።

የሚያስፈልግሽን ዕቃ እንቁጠር። 99 ቤት በ8 ቀን 792 ከረጢት ይፈልጋል፤ የሚቀደድ አለና 900 አድርጊው። እስከ 50 ኪሎ የሚይዝ፣ በ10 ግራም የሚያነብ ተንጠልጣይ ዲጂታል ሚዛን ሁለት፣ አንዱ ቢበላሽ እንዳትቆሚ። አራት ሜትር በአራት ሜትር የሆነ ሸራ፣ 100 ሊትር የሚይዝ በርሜል፣ ባለ 10 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ የሽቦ ወንፊት፣ ወፍራም የጎማ ጓንት፣ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ፣ ቦት ጫማ። ሚዛኑን በየጠዋቱ ፈትኚው፦ ባዶ ጀሪካን መዝኚ፣ 5 ሊትር ውሃ ለክተሽ ጨምሪበት፣ ልዩነቱ 5 ኪሎ መሆን አለበት። ባትሪው ሲደክም ሚዛኑ ይዋሻል፤ ይህን ሦስተኛው ቀን ላይ ከማወቅ የመጀመሪያው ጠዋት ላይ ማወቅ ይሻላል። ለምትቀጥሪያቸው ረዳቶችም ለራስሽም የቴታነስና የሄፓታይተስ ቢ ክትባት አስቀድመሽ አስቢበት። ከቤት ቆሻሻ ውስጥ ምላጭና መርፌ ይወጣል፤ ስለዚህ ማንም ሰው ከረጢት ውስጥ እጁን አይሰድም፣ ሸራ ላይ ተገልብጦ ነው የሚለየው።

ስምንቱ ቀናት እንዲህ ይሄዳሉ። በዋዜማው ለየቤቱ ከረጢት ታድያለሽ። በ1ኛው ቀን ጠዋት የምትሰበስቢውን አትመዝኚም፤ ብዙ ሰው እንግዳ መጣ ብሎ ከአልጋ ሥር የኖረ አሮጌ ጫማ ሳይቀር አውጥቶ ይከትበታል። ከ2ኛው እስከ 8ኛው ቀን ያለው ሰባት ቀን ግን አንድ ሙሉ ሳምንት ነው፤ ረቡዕና ዓርብ፣ ቅዳሜና እሑድ ሁሉም ገብተውበታል። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ሰብስቢ። ለእያንዳንዱ ቤት ሁለት ነገር ብቻ ትመዘግቢያለሽ፦ የከረጢቱን ክብደትና ትናንት እዚያ ቤት የበሉ ያደሩትን ሰዎች ብዛት። ሁለተኛው ይረሳል። አምስት ሰው ያለበት ቤት በሰባት ቀን 12.6 ኪሎ ቢያወጣ፣ አምስት ሰው በሰባት ቀን 35 የሰው ቀን ነውና ለአንድ ሰው በቀን 0.36 ኪሎ ይደርሳል። ከገጠር የመጡ ሁለት ዘመዶች ሦስት ቀን ሰንብተው ከነበረ ግን የሰው ቀኑ 41 ነው፤ ለአንድ ሰው የሚደርሰውም ወደ 0.31 ይወርዳል። የእንግዳ አገር ላይ ነን፤ ይህን ካልቆጠርሽ በቀላሉ ከአሥር በመቶ በላይ ትስቻለሽ።

ለቤቶቹ በኪሎ አትክፈዪ፣ ሽልማትም አትንገሪ። ቆሻሻ የሚያስከፍል ከሆነ የጎረቤትም ይጨመርልሻል። መጨረሻ ላይ ለሁሉም እኩል ሁለት ሁለት ሳሙና ይበቃል። አመድ ቀዝቅዞ እንዲጣል አጥብቀሽ ንገሪ፤ ከሰል የምታነድ ቤት ትኩስ አመድ ከጨመረች ከረጢቱም ያንቺም መረጃ ይቃጠላል።

ከረጢቶቹ ከተመዘኑ በኋላ የቤቱ መለያ ሥራውን ጨርሷል። አሁን በቤት ዓይነት አደባልቀሽ ትለይያለሽ። ከ99 ቤት በቀን 150 ኪሎ ገደማ ቢወጣ አራት ሰው ለይቶ፣ አንድ ሰው እየጻፈ፣ ግማሽ ቀን ይፈጃል። የዩኤን ሀቢታት መመሪያ 12 ምድቦች አሉት፦ የወጥ ቤት ትርፍራፊ፣ የጓሮ ሣርና ቅጠል፣ ወረቀትና ካርቶን፣ ስስ ፕላስቲክ፣ ጠንካራ ፕላስቲክ፣ ብረታ ብረት፣ ጠርሙስ፣ ጨርቅና ጫማ፣ የተሠራ እንጨት፣ ልዩ ጥንቃቄ የሚሻ፣ ከብዙ ነገር የተሠራ ዕቃና ሌላ። ለአዲስ አበባ ግን «ሌላ» የሚለው ከረጢት ቶሎ ይሞላል። አመድንና ከወንፊቱ ሥር የሚወርደውን አፈር ለብቻ፣ ዳይፐርን ለብቻ፣ የጫት ገረባን ለብቻ መዝኚ፤ መጨረሻ ላይ ወደ መመሪያው ምድብ መመለስ ትችያለሽ፣ የተደባለቀውን ግን ወደ ኋላ መለየት አትችይም። ገረባ ቅጠል ቢመስልም እንጨቱ ወፍራም ነውና ኮምፖስት ውስጥ ቶሎ አይበሰብስም። ዳይፐር ደግሞ ግማሹ ፕላስቲክ ሆኖ ሳለ ክብደቱ ውሃ ነው።

እርጥበትን መለካት ከቻልሽ ጽሑፍሽ ሌላ መልክ ይይዛል። ከተለየው የወጥ ቤት ትርፍራፊ በደንብ አዋህደሽ አንድ ኪሎ ውሰጂ፣ በዩኒቨርሲቲው ቤተ ሙከራ በ105 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ክብደቱ መውረድ እስኪያቆም አድርቂ። 1,000 ግራሙ 350 ከሆነ እርጥበቱ 65 በመቶ ነው። የጠፋውን 650 ለ350 የሚያካፍሉና 186 በመቶ የሚሉ አሉ፤ እሱ በደረቅ ክብደት የተሰላ ነው፣ ለሌላ ሥራ የሚውል። ይህ ለምን ይጠቅማል? አንድ ኪሎ ውሃን ለማትነን ብቻ 2.44 ሜጋ ጁል ይሄዳል። 65 በመቶ ውሃ የሆነ ቆሻሻ ከእያንዳንዱ ኪሎ ወደ 1.6 ሜጋ ጁል ለእንፋሎት ይገብራል። ያለ ተጨማሪ ነዳጅ የሚቃጠል ቆሻሻ በአማካይ ቢያንስ 7 ሜጋ ጁል በኪሎ ሊኖረው ይገባል፣ በየትኛውም ወቅት ደግሞ ከ6 መውረድ የለበትም የሚለው የዓለም ባንክ የቆየ መመዘኛ ነው። የሽንኩርት ልጣጭ፣ የቡና አተላና የከሰል አመድ ተደባልቀው እዚያ ይደርሳሉ ወይ የሚለውን በራስሽ ቁጥር መመለስ ትችያለሽ። ለኮምፖስት ሲሆን ደግሞ የሚፈለገው እርጥበት ከ50 እስከ 60 በመቶ፣ የካርቦንና የናይትሮጅኑ ምጣኔ ከ25 እስከ 30 ለ1 ነው። ያው ለእሳት የማይመቸው ቆሻሻ ለአፈር ይቀርባል። ይህችን ነጥብ አማካሪሽ ይወዷታል ብለን እንገምታለን።

ጊዜውን በሚመለከት የእኛን አገር የሚያህል ቆሻሻው በጾም የሚለዋወጥ አገር ብዙ የለም። በሁዳዴ አጥንት፣ የእንቁላል ቅርፊትና የወተት ላስቲክ ይቀንሳል፣ የአትክልት ልጣጭ ይበዛል። ከፋሲካ በኋላ ደግሞ በዓለ ሃምሳ ይመጣል፤ ረቡዕና ዓርብ እንኳ ስለማይጾሙ በዚያ ወቅት ያለ ሳምንት የተለመደውን ሳምንት አይወክልም። ካንቺ የጊዜ ሰሌዳ ጋር ሲታይ ሁለቱም እጅሽ ላይ ናቸው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ዙር በ99ኙ ቤቶች በሁዳዴ መሃል፣ ሁለተኛውን ከትንሣኤ ሁለት ሳምንት በኋላ ከእነዚያው ቤቶች መካከል በ45ቱ አድርጊ። ቤቱ ያው ስለሆነ ልዩነቱ በጥቂት ቤትም ይታያል። ሙስሊም ቤተሰብ ያለበትን ቤት በመጠይቁ ላይ ምልክት አድርጊ፤ ረመዳን ከገባ የምግቡ ሰዓትና መጠን ይቀየራል። የበዓል ሳምንትን ሽሺ፣ ቄጠማውና የበጉ ፈርስ ሁሉን ይውጠዋል። ክረምቱን ግን አታገኚውም። ነሐሴና መስከረም ላይ የበቆሎ እሸት ልባስና ቆረቆንዳ፣ እርጥብ አፈር፣ ጭቃ ይጨመራል። በመሆኑም የአንድ ሳምንቱን ቁጥር በ52 አባዝተሽ «በዓመት» አትበዪ። የበጋ ቁጥር ነው በዪና እለፊው።

ቀጥሎ የመኪናው ወገን ነው። ከየቤቱ የሚሰበስቡት ማኅበራት በጋሪ አምጥተው ገንዳ ውስጥ ይጨምሩታል፣ ገንዳውን መኪና ያነሳዋል። መኪናው የሚመዘንበት ቦታ ካለ ደረሰኙን ጠይቂ። ከሌለ በመጠንና በእፍጋት ታሰያለሽ። 100 ሊትሩን በርሜል በቆሻሻ ሙዪ፣ ከመሬት 10 ሳንቲ ሜትር አንስተሽ ሦስት ጊዜ ጣዪው፣ የጎደለውን ሙዪ፣ መዝኚ፣ የባዶውን በርሜል ቀንሺ። 30 ኪሎ ከሆነ አንድ ሜትር ኩብ 300 ኪሎ ነው፤ 8 ሜትር ኩብ ገንዳ ሙሉ ሲሆን 2.4 ቶን ይይዛል። ይህንን ቢያንስ አሥር ጊዜ፣ በተለያየ ቀን ድገሚው። ስህተት የሚገባው በሁለት በኩል ነው፦ ገንዳው ተቆልሎ ወይም ሩብ ጎድሎ ሲነሳ አንድ ገንዳ ብሎ መቁጠር፣ ሌላው ቆሻሻን በሚጨፈልቅ መኪና ውስጥ ላለ ቆሻሻ የበርሜሉን እፍጋት መጠቀም። የሚጨፈልቀው መኪና ቆሻሻውን ስለሚጠቀጥቀው ኩቡ ያነሰ፣ ክብደቱ የበዛ ነው። ማኅበራቱ የሚከፈላቸው በምን እንደሆነም አጣሪ። ክፍያው በኩብ ከሆነ ላላ አድርጎ መሙላት ያዋጣል፤ በክብደት ከሆነ ደግሞ አፈርና ውሃ ገንዘብ ይሆናል። ይህን የምንለው ሰዎቹን ለማማት አይደለም፤ ቁጥሩ እንዴት እንደተወለደ ካላወቅሽ ልትተረጉሚው ስለማትችይ ነው።

አሁን ብዙዎች የሚወድቁበት ቦታ ደረስን። «ከወጣው የተነሳውን ቀንሼ ወደ ወንዝ የገባውን አገኛለሁ» ብለሽ ማሰብሽ አይቀርም። ለምሳሌ ያህል ወረዳው በቀን 10 ቶን ያወጣል፣ ስህተቱ 1 ቶን ወዲያና ወዲህ፤ መኪና ላይ የደረሰው 8 ቶን፣ ስህተቱ 0.8። ልዩነቱ 2 ቶን ነው፤ ስህተቱ ግን የሁለቱ ካሬዎች ድምር ሥር፣ ማለትም 1.28 ቶን ነው። የጠፋው ከ0.7 እስከ 3.3 ቶን ባለው መካከል የትም ሊሆን ይችላል ማለት ነው። በዚህ ላይ የመደምደሚያ ምዕራፍ አይሠራም። ደግሞም ሁሉም ወንዝ አልገባም፤ ቆራሌው ወስዶታል፣ ግቢ ውስጥ ተቃጥሏል፣ ለበግ ተሰጥቷል።

የሚሻለው የጠፋውን በቀጥታ መፈለግ ነው። ሦስት ቦዮች ምረጪ፣ አንዱ ገበያ አጠገብ፣ አንዱ ኮንዶሚኒየም አጠገብ፣ አንዱ የቀበሌ ቤቶች መሃል። በእያንዳንዱ 50 ሜትር ለክተሽ ጥርግ አድርገሽ አጽጂ፣ ከሰባት ቀን በኋላ የተጠራቀመውን አውጥተሽ፣ ለይተሽ፣ መዝኚ። ዝናብ ከዘነበ ይወስድብሻልና ዝናብ የጣለበትን ሳምንት ጣይና ድገሚው። ትልቁና ትንሹ አቃቂ ተያይዘው አባ ሳሙኤል ግድብ የሚገቡ፣ ከዚያም አዋሽን የሚቀላቀሉ ናቸው፤ ከቦይሽ የወጣው ሃይላንድ ወዴት ይሄድ እንደነበር አንባቢሽ ካርታ ላይ ያየዋል።

ቆራሌውን አትዝለዪው። ጠርሙስ፣ ቆርቆሮ፣ ጀሪካንና ሃይላንድ ከረጢትሽ ውስጥ ከመግባታቸው በፊት በእሱ በኩል ወጥተዋል። የሚወስደው «ያልተጣለ» ስለሆነ በሚዛንሽ አይታይም፤ በዚህም የተነሳ ብዙ ጥናት «የአዲስ አበባ ቆሻሻ ብረት የለውም» ይላል። ብረትማ አለው፣ ምናለሽ ተራ ሄዶ ነው እንጂ። በወረዳው የሚዞሩ አምስት ስድስት ቆራሌዎችን አነጋግሪ፣ ፈቃዳቸው ከሆነ ማታ ዕቃቸውን ሲያስረክቡ አብረሽ መዝኚ። ስማቸውን አትጻፊ፣ ፎቶ አታንሺ። የሥራ ጊዜያቸውን ስለምትወስጂ የቀን ዋጋቸውን የሚያካክስ ነገር መስጠት ተገቢ ነው፤ እዚህ ላይ ከቤቶቹ የተለየ ነው።

ከሌላ ጋር ስለማወዳደር። የዓለም ባንክ በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት ከሰሃራ በታች ላሉ አገሮች በሰው በቀን 0.46 ኪሎ፣ ለዓለም 0.74 ኪሎ አማካይ ሰጥቷል። ያንቺን 0.36 ከዚህ ጎን አስቀምጠሽ «ዝቅ ይላል» እንዳትዪ፤ የእነሱ የሱቁን፣ የሆቴሉንና የመንገዱንም ይጨምራል፣ ያንቺ የቤት ብቻ ነው። በሕዝብ ብዛትም ተጠንቀቂ። የመጨረሻው ቆጠራ የ1999 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ አዲስ አበባ ወደ 2.74 ሚሊዮን ሰው ነበራት። ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ግምት ነው፣ ግምቶቹም በሚሊዮን ይለያያሉ። አንድ ሰው የከተማዋን ቶን ወስዶ ለትንሹ ግምት ቢያካፍል፣ ሌላው ለትልቁ ቢያካፍል ሁለት ከተማ ይወጣል። ላንቺ መፍትሔው ቀላል ነው፦ በወረዳው ያሉትን ቤቶች ቁጠሪ፣ በናሙናሽ ባገኘሽው የቤተሰብ መጠን አባዢ፣ ተዘግተው የኖሩ ኮንዶሚኒየሞችን ቀንሺ።

የዘመን አቆጣጠር ነገርም አለ። የመሥሪያ ቤቶች የበጀት ዓመት ከሐምሌ 1 ይጀምራል፤ የውጭ ሪፖርት ብዙውን ጊዜ ከጃንዋሪ 1። «የ2015 መረጃ» ሲባል የትኛው 2015 እንደሆነ በየሠንጠረዡ ጻፊ። አዋጅ ስትጠቅሺም እንዲሁ፦ የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 በእንግሊዝኛው 513/2007 ተብሎ ይጻፋል፤ ሁለት አዋጅ አድርገው የጠቀሱ አሉ። ፓርላማው በ2017 ዓ.ም. የፕላስቲክ ከረጢትን የሚከለክል አዲስ አዋጅ ስላጸደቀ ከቀድሞ ተማሪዎች ጽሑፍ የሕጉን ክፍል አትገልብጪ፤ ነጋሪት ጋዜጣውን ራሱን አንብቢ።

አሁኑኑ የሚጀመረው ደብዳቤው ነው። ከትምህርት ክፍልሽ ለከተማው ጽዳት አስተዳደር ኤጀንሲ፣ ግልባጩ ለክፍለ ከተማውና ለወረዳው እንዲሆን አድርገሽ አጽፊ፤ አንዱ ሌላውን እየጠበቀ ሦስት ሳምንት ሊያልፍ ይችላልና በእጅሽ ይዘሽ ዙሪ፣ መዝገብ ቤት የገባበትን ቁጥር ያዢ። የሥነ ምግባር ፈቃዱን በጎን አስኪጂ። የካቲት ላይ ቤት መረጣና ረዳቶችን ማሠልጠን፣ በሁዳዴ መሃል የመጀመሪያው ዙር፣ ከፋሲካ በኋላ ሁለተኛው፣ ግንቦት ሙሉውን ለስሌትና ለጽሑፍ። ቆሻሻውን የምትለይበትን ቦታ ከወረዳው በጽሑፍ አስፈቅጂ፣ ጥላና ውሃ ያለበት ይሁን፤ ማታ የተለየው በሙሉ የሚነሳበትን ገንዳም አብረሽ ጠይቂ፣ አለዚያ በሁለተኛው ቀን ጎረቤቱ ያባርርሻል።

ደብዳቤው እስኪያልቅ ግን ስምንት ቀን የራሳችሁን ቤት ከረጢት መዝኚ፣ ለይተሽም ጻፊ። መለያ ወረቀቱ በእርጥበት እንደሚራስ፣ እስክሪብቶ እንደሚፈስ፣ እናትሽ አመዱን ረስተው እንደሚጨምሩት ያን ጊዜ ታያለሽ። የቤቱን ቁጥር በማይለቅ ማርከር ከረጢቱ ላይ፣ ሁለተኛ ቅጂውን ደግሞ በወረቀት ጽፈሽ በትንሽ ላስቲክ ቋጥረሽ ማሰሪያው ላይ አድርጊው።